ለአማርኛ አምስትን ይጫኑ

ለዕብራይስጥ አንድን ይጫኑ፣ ለዐረብኛ ሁለት፣
ለሩስኛ ሦስት።
በአራት ላይ ሙዚቃ አለ፤ ማንም አያነሣም።
አምስት እኔ ነኝ፤
ቤር ሼቫ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለመስኮቱ ጀርባ ሰጥቼ፣
ጆሮዬን በሰዓት ሒሳብ ለድርጅት አከራይቼ።

ደረቴ ላይ «ዔናት» ይላል። ስመጣ እናኑ ነበርኩ።
የመቀበያዋ ጸሐፊ ቀና ብላ ሳታየኝ ጻፈችው፤
እኔም «አዎ» አልኩ፤ ልጅ ነበርኩ።

ባለፈው ሰኞ ድርጅቱም ስሙን ቀየረ።
ሰማያዊው ምልክት በክሬን ከጣራ ወርዶ
መኪና ማቆሚያው ላይ እንደ ታመመ በሬ ተጋድሞ አደረ።
አዲሱ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል አለው፤ «ቅርብ ነን» ይላል፤
ማታ በአውራ ጎዳናው ለሚያልፍ ከሩቅ ይታያል።
ለእሱ ኬክ ተቆረሰ። ለእኔ አልተቆረሰም።

ከቴል አቪቭ አማካሪ መጣ፣ ጫማው ካልሲ የማያውቅ፤
ግድግዳው ላይ ሦስት ምሰሶ አቆመ፣ ከብርሃን የተሠሩ፦
አንደኛው ዝና፣ ሁለተኛው የሠራተኛ ልብ፣
ሦስተኛው ዘላቂነት፤ «ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ምድር።»
አጨበጨብን። ምድርን ማን ይጠላል?
ከዚያ ጣቱ ወደ ታች ወረደ፣ አምስት ቁጥር ላይ ቆመ፦
«በአማካይ አሥራ አንድ ደቂቃ! ሌላው በአራት ይጨርሳል።
ይህ መስመር አይዘልቅም» አለ፤
ዘላቂነትን ባወራበት አፉ፣ ውሃ እንኳ ሳይጎነጭ መሐል።

ማን ይንገረው፣ በእኛ ቋንቋ ሰላምታው ራሱ መንገድ እንደሆነ?
እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ ተሻለው ወይ፣
ያቺ ደረጃ ላይ የወደቀችው ጎረቤትዎ እንዴት ሆነች ሳይባል
እንዴት ተደፍሮ ስለ ክፍያ ይወራል?

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፤ ከክርያት ማልአኺ
አባ ቢያድግልኝ ደወሉ።
«ልጄ፣ መዳቡን ከመሬት ሊነቅሉት ነው አሉ።
አንድ ጎረምሳ መጥቶ፣ ‹ከእንግዲህ በመስታወት ክር ነው፣
ድምፅዎ በብርሃን ይሄዳል› አለኝ።
በብርሃኑ አልከፋም፤ ሙሴም ከእሳት ውስጥ ነው የሰማ።
እኔን የጨነቀኝ ቁጥሬ ነው። አብሮ ይነቀላል እንዴ እሱማ?»

ከዚያ ቁጥሩን እንደ ዳዊት በቃላቸው ወረዱት፤
ዜሮ ስምንት ብለው ጀምረው፣
መጨረሻው ላይ፣ ሰባትና ሰባት ሲደርሱ፣
የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

«ይመኙሻል ጎንደር ቀርታለች፣ የእናቴ ልጅ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወረቀት ትጠብቃለች።
ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰፈር ተማሪ በከሰል ሣለላትና
ቁጥሬን በነጠላዋ ጫፍ በቀይ ክር ጠለፈች።
ሌላ ቁጥር ብትሰጡኝ፣
ያን ክር ማን ይተረትርላታል?»

አራተኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ቀላ።
አሥራ አንደኛው ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።
ቁጥር ማቆያ ቅጹ ሰባት ገጽ ነው፣ ሁሉም በዕብራይስጥ፤
እያነበብኩ፣ እየተረጎምኩ፣ «እዚህ ጋ እሺ ይበሉ» እያልኩ፣
አለቃዬ ሲቫን ከመስታወቱ ወዲያ
የእጅ ሰዓቷን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አሳየችኝ።

«ቁጥርዎ ይቆያል» አልኳቸው፣ በሃያ ስድስተኛው።
ዝም አሉ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።
«ማን ልበል፣ ልጄ?»
ደንቡ «ዔናት፤ ቅርብ ነን» ማለት ነው።
«እናኑ» አልኩ።
«የማን ልጅ?»
አባቴን፣ አያቴን፣ የመጣንበትን ወንዝ ቆጠርኩላቸው፤
ሌላ አራት ደቂቃ።

ሠላሳ! ከሰዓት በኋላ ስሜ ሰሌዳው ላይ ተሰቀለ፣
አጠገቡ የሚያዝን ትንሽ ቢጫ ፊት።

ማታ ስወርድ፣ ከሊፍቱ ጎን አረንጓዴ ሣጥን አለ፣
ያረጁ ስልኮች የሚጣሉበት።
አንዱ ግራጫ፣ ከባድ፣ ጥቅል ገመዱ ያልተቆረጠ፤
አንሥቼ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት፤
ምን እንደጠበቅሁ እኔም አላውቅም።

አውቶቡስ ውስጥ መጠይቁ መጣ፤
ለሠራተኛ ሁሉ፣ በስልክ፦
«ለድርጅታችን ያለዎት ቁርጠኝነት ምን ያህል ነው?
ከአንድ እስከ አሥር ባለው ይመልሱ።»
ኔጌቭ በጨለማው አለፈ፤ የአንቴናዎቹ ቀይ መብራት
አንዱ ለአንዱ ይጠቅሳል።
አሥር ውሸት ነው። አንድም ውሸት ነው።
አምስትን ተጫንኩ።

ማንም አላነሣም።